ደቻቱ ከተራራ ይነሳል፤ ፕላናችን ግን ከተማ ጫፍ ላይ ይቆማል

የከዚራ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም የድሬ ልጆች፣ አገር ቤት ያላችሁም ውጭ ያላችሁም። ክረምት ሲገባ ሁላችንም ድሬዳዋን መሀል ለመሀል ስለሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ፣ ስለ ደቻቱ፣ እናወራለን። መስከረም ሲጠባ ወሬው ይጠፋል። ዘንድሮ ሰማዩ ሳይጠቁር እንነጋገርበት ብዬ ነው የከፈትኩት።

የ1998ቱን ጎርፍ ማንም አልረሳውም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ነበር፣ እሁድ ሊነጋ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። ብዙው በተኛበት ነው የተወሰደው። ሳምንት ያህል ቆይቶ ደግሞ ኦሞ ወንዝ ደቡብ ኦሞ ላይ ከ300 በላይ ሰው ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ ድሬ ላይ በዓይን የሚታየው ሥራ ግንብ ነው። ወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ቆመ፣ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ተደረደረ። መሠራቱ ተገቢ ነበር፣ አሁንም ያስፈልጋል። ግን በ2012 ሚያዝያ ጎርፍ እንደገና ሰው ወሰደብን። ያ ደግሞ በልግ ነው፣ ክረምት እንኳ አልገባም።

የምለው አንድ ነገር ነው። ግንቡ ያለው ከተማው ውስጥ ነው፣ ጎርፉ የሚፈጠረው ግን ምስራቅ ሐረርጌ ተራሮች ላይ ነው። ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። ላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ነህ፣ ድሬ ስትወርድ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ባቡሩ ሐረር ሳይወጣ እዚህ እንዲቆም ያደረገው ይኸው ተራራ ነው፣ ከተማችን የተቆረቆረችውም በሱ ምክንያት። ያን ሁሉ ቁልቁለት ውሃው በአጭር ርቀት ይወርደዋል፣ ዛፉ ተመንጥሯል፣ አፈሩ ስስ ነው፣ የሚይዘው ነገር ስለሌለ የዘነበው ሁሉ ተያይዞ ወደ አሸዋው፣ ወደ ደረቁ ወንዝ ወለል፣ ይገባል።

ሂሳቡን እንየው። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። እንበልና 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ተራራ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዘነበ፣ ግማሹ ብቻ ወንዝ ገባ። 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሆነ። ይህ በ2 ሰዓት ውስጥ ከተማ ቢደርስ በሰከንድ 280 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ አስቡ፣ 28ቱ በአንድ ሰከንድ ሲደፉ ማለት ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጡ። የትኛው ግንብ ነው ይህን ለብቻው የሚችለው?

አስተዳደሩን ደግሞ ተመልከቱ። ተራራው ኦሮሚያ ነው። ከተማው በ1996ቱ ቻርተር ለፌዴራል ተጠሪ ነው። ውሃው ወጥቶ የሚሄድበት የሽንሌ ሜዳ ሶማሌ ክልል ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ፕላንና የየራሳቸው በጀት አላቸው። ወንዙ ግን አንድ ነው። ተፋሰሱን ከደንገጎ እስከ ሽንሌ እንደ አንድ አገር የሚያይ ፕላን፣ በጀትና ኃላፊ ያለው ፕላን፣ እሱ ነው የሚያስፈልገን። ሐሳባችሁን ስጡ።

ሳቢያን 02

አቦ ልክ ነህ፣ ግን ሁሉንም ወደ ተራራው አትግፋው። እኛው ራሳችን ውሃው መንገድ ላይ ተቀምጠናል። ደቻቱ ብቻ መሰለህ? ጎሮ የሚባለውም ደረቅ ወንዝ አለ። ሰው ወንዝ አፋፍ ላይ ጨረቃ ቤት ይሠራል፣ ዓመት ሳይሞላው መብራት ይገባለታል፣ ከዚያ ማን ያስነሳዋል? ከተማ ፕላን የሚባለው ነገር በ2000 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ አለው፣ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት ነው የሚሠራው። እዚያ ላይ "ይህ መሬት የወንዙ ነው" ተብሎ መስመር ካልተሰመረ፣ መስመሩም መሬት ላይ በድንጋይ ካልተተከለ ነገ እዚያው ነን። ወረቀት ላይ ያለ አረንጓዴ ቀለም ቤት ከመሠራት አያግድም።

የባሕር ማዶ ድሬ

እኔ የማይገባኝ፣ ለምን ላይ ትልቅ ግድብ አይሠራም? ጎርፉን ይይዛል፣ ውሃውም ለመስኖ ይሆናል። ድሬ ውሃ ትፈልጋለች፣ ውሃው ደግሞ በየክረምቱ ሰው እየገደለ ያልፋል።

ሃይድሮ

ምላሽ ለባሕር ማዶ ድሬ፦ ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። ሁለት ችግር አለበት።

አንደኛው ደለል ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ድንጋይ፣ ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው። ላዩ ሳይለማ ታች የገደብከው ግድብ በአጭር ጊዜ በደለል ይሞላል።

ሁለተኛው ጥገና ነው። ደርና የምትባለውን የሊቢያ ከተማ አስታውስ። በጳጉሜ 2015 ነው። እንደ ድሬ ደረቅ ወንዝ መሀሏን የሚያቋርጣት ከተማ ናት። እንደ ፈረንጆች በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሯት፣ ሰው በነሱ ተማምኖ ወንዙ ዳር ሰፈረ። ጥገናው ተረሳ። ያን ሌሊት ሁለቱም ተደረመሱ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ማንም የማይጠብቀው ግድብ ከጎርፉ የባሰ ነገር ነው።

በተራራው ላይ የሚሠራው ትንንሽ ነገር ነው፣ ግን ብዛት ያለው። እርከን፣ በየሸለቆው የድንጋይ ክትር፣ ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ፣ ከከብት ንክኪ የተከለለ ቁጥቋጦ። እያንዳንዱ ክትር ትንሽ ውሃ ይይዛል፣ ትንሽ ያዘገያል። የኛ ጥቅም ደግሞ ማዘግየቱ ላይ ነው። ያው 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በ2 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ቢወርድ በሰከንድ ከ100 ሜትር ኩብ በታች ይሆናል። ያን ግንቡ ይችለዋል ወይስ አይችልም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ግን ቢያንስ ሌላ ጎርፍ ነው።

ስለ ግንቡም አንድ ነገር ልበል። አሸዋው በየዓመቱ ወንዙ ወለል ላይ ይከመራል። ወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ሲል ግንቡ ግማሽ ሜትር አጠረ ማለት ነው፣ ማንም ሳይነካው። ከግንቡ ሥር ደግሞ ውሃው እየቦረቦረ ይገባል። ጋቢዮኑን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ወይም ከዛገ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይወጣል፣ ሳጥኑ ይጎብጣል፣ ከዚያ ከጎኑ ያለውን ይዞ ይወርዳል። ድልድይ ሥር የተጠራቀመ ግንድና ቆሻሻም እንደዚያው ነው፣ ውሃው ማለፊያ ሲያጣ ወደ ሰፈር ይዞራል። ይህ ሁሉ በሚያዝያም በሐምሌም ሳይሆን በታኅሣሥ በጥር፣ ደረቁ ጊዜ ላይ ታይቶ የሚጠገን ነው። የጥገና በጀት የሌለው ግንብ ፕላን ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

የአሸዋ ነጋዴ

እኔ ወንዙ ዳር ነግጄ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ሁልጊዜ እንዲህ ዓይነት ውይይት ሲነሳ መጨረሻው "ነጋዴውን አስነሱ" ነው። ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ተነሱ ተብለን ሌላ ቦታ ተሰጠን። ታክሲ አይደርስበትም፣ ጥላ የለውም፣ ገዢ የለም። ሰኞ ሄድን፣ እያንዳንዷ ሴት አንድ በአንድ እየተመለሰች ወሩ ሳያልቅ ሁላችንም አሸዋው ላይ ነበርን። ፈልገን አይደለም። አትክልት ሲያድር ይበሰብሳል፣ የተበደርሽው ገንዘብ ግን አይበሰብስም።

ደግሞ እኛ ስለ ወንዙ ከማንም በላይ እናውቃለን። ተራራው ከሰዓት በኋላ ሲጠቁር ዕቃ እንሰበስባለን። ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ ድምፅ ነው፣ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት። ከዚያ ነፋስ ይመጣል፣ የእርጥብ አፈር ሽታ። ከፊት የሚመጣው ውሃ አይመስልም፣ ቡናማ አረፋ፣ እንጨት፣ ጀሪካን፣ የሞተ ፍየል ነው። እሱን ስታዩ ዕቃ ማሰብ የለም፣ ሩጡ ነው። ጉልበት የማይሞላ ውሃ ነው የሚጥለው። ቀን ከሆነ እናመልጣለን። ሌሊት ነው የሚያሳስበኝ፣ ጠባቂዎቹና እዚያው የሚያድሩት ልጆች።

የከዚራ ልጅ

እህቴ ይህን ስለጻፍሽልን እግዜር ይስጥሽ፣ ይህን ሪፖርት ላይ አላገኘውም። የጉልበቱ ነገር እውነት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ብዙዎቹን መኪኖች ይዞ ይሄዳል። ድሬ ላይ በየዓመቱ ባጃጅ ይዞ ለመሻገር የሚሞክር ሹፌር አለ።

የገበያው ነገር ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ሰው ወንዝ ውስጥ የሚቀመጠው ሥራው እዚያ ስለሆነ ነው። ፕላኑ ቀፊራና አሸዋ ገበያዎች አጠገብ፣ ከውሃው በላይ፣ የዕቃ ማከማቻና የማታ ማደሪያ ካላሰበ ማስነሳቱ ከንቱ ነው። ቀን አሸዋው ላይ መሸጥና ሌሊት አሸዋው ላይ መተኛት አንድ አይደሉም። መጀመሪያ ሌሊቱን ባዶ እናድርገው።

የቀርሳ ልጅ

እኔ ከላይ ነኝ፣ ከምስራቅ ሐረርጌ። ወንድሞቼ፣ "ዛፉን የመነጠሩት እነሱ ናቸው" ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ከሰሉን ማን ያነደዋል? ድሬ ናት የምታነደው። ማገዶውንም የምትገዛው እሷ ናት።

እርከን እኛ ገበሬዎች ለማንም ብለን አልጀመርነውም፣ ማሳችን እንዳይሄድ ነው የምንሠራው። ጫቱም ማሽላውም በእርከን ነው ያለው። በየዓመቱ ጥር ላይ ደግሞ የተፋሰስ ሥራ ዘመቻ ይወጣል፣ ሰው በነፃ ጉልበቱ ይሠራል። ችግሩ የሚሠራው ማሳው ላይ ነው፣ ገደሉና የወል መሬቱ ላይ ግን ባለቤት የለም። ክትሩ አንድ ክረምት ሲመታው ይፈርሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አዲስ ይሠራል እንጂ የፈረሰውን የሚያነሳ የለም። ለምን ያንሳ? ውሃው የሚገድለው እሱን አይደለም። ድሬ ለግንብ ከምታወጣው ትንሽ ቆርሳ ገደሉ ላይ ያለውን ክትር ለሚጠብቅ ወጣት በየወሩ ብትከፍል፣ ዛፉ ከከሰል ይልቅ ቆሞ ቢያበላው፣ ማን ይቆርጠዋል?

ሌላ ነገር፣ እዚህ ዝናቡን እናየዋለን። ከባድ ሲሆን ደውለን መንገር እንችላለን። ለማን እንደውል?

ቀፊራ

ምላሽ ለቀርሳ ልጅ፦ "ለማን እንደውል" ያልከው ዘልቆ ገባኝ። በ98 እህቴን ከነልጇ አጥቻለሁ። ተኝተው ነበር። ከላይ አንድ ሰው ቢደውል፣ አንድ መስጊድ በማጉያው ቢጮህ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቢደውል ኖሮ ዛሬ ልጇ የሃያ ዓመት ሰው ነበር። ግንቡን ሥሩ፣ ዛፉንም ትከሉ። እኔ ግን የምለምናችሁ ሰው የሚቀሰቅስ ነገር እንዲኖር ነው። እሱ ዘንድሮም ይቻላል።

የከዚራ ልጅ

እቴ ቀፊራ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ያልሽው ትክክል ነው፣ ዛፍ ለማደግ ዓመታት ይፈልጋል፣ ማስጠንቀቂያ ግን በአንድ ወቅት ውስጥ ይቋቋማል።

ባንግላዴሽን ላንሳ። እንደ ፈረንጆች በ1970 አንድ አውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። በፈረንጆቹ 2007 ሲድር የሚባል ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞተው ከ3 ሺህ በላይ ነው። ያም ብዙ ነው፣ ግን ልዩነቱን እዩት። አገሩ ያኔም ድሃ ነበር። በመሀል የሠሩት ነገር ሬዲዮ የያዙ፣ በየመንደሩ በድምፅ ማጉያ እየዞሩ የሚቀሰቅሱ በጎ ፈቃደኞችና ሰው የሚሸሽበት ከፍ ያለ ሕንፃ ነው።

የኛ ጎርፍ ደራሽ ጎርፍ ነው፣ ቀናት አይሰጥም። ውሃው በሰከንድ 3 ሜትር ቢጓዝ በሰዓት ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ላይ ሲዘንብ ካወቅን ያለን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ልጅ ቀስቅሶ ከፍ ያለ ቦታ ለመውጣት ግን ይበቃል። የሚያስፈልገው ተራራው ላይ ጥቂት የዝናብ መለኪያ፣ ሌሊት የሚያነበው ሰው፣ ወንዙ ከተማ ከመግባቱ በፊት ባለ ቦታ ላይ በቀለም የተሰመረ የውሃ ከፍታ ምልክት፣ ሌሊቱን ስልክ የሚያነሳ አንድ ቢሮ፣ ከዚያ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ማጉያ ነው። መልእክቱም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ መሆን አለበት። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ አለ፣ እሱ ቀድሞ "ተዘጋጁ" ለማለት ይጠቅማል። "አሁን ተነሱ" የሚለው ግን ከተራራው ነው የሚመጣው።

ደግሞ ልምምድ ይደረግ። ሰው ድምፁን ሰምቶ ወዴት እንደሚሮጥ ካላወቀ በጨለማ ወደ ድልድዩ ነው የሚሄደው።

ሳቢያን 02

ይህን ሁሉ ስትሉ ደስ ይላል። ግን ሦስት አስተዳደር በአንድ ጉዳይ ይስማማል ብላችሁ ነው? እውነቱን እንነጋገር። ወሰን ላይ ስንት ነገር አለ። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ አበል ይበላል፣ ያልቃል።

የጁገል ልጅ

ከሐረር ነኝ፣ እኔ ልመልስልህ። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ እኛ ውሃ አጥተን ምን ያህል እንደተሰቃየን ታውቃለህ። ዛሬ ሐረር ከምትጠጣው ውሃ አንዱ ከየት ነው የሚመጣው? ድሬ አካባቢ ካለው ከሀሰሊሶ ጉድጓድ ነው። በቧንቧ ያን ሁሉ ዳገት፣ በደንገጎ በኩል ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣው፣ በመንገዱ ያሉትንም ከተሞች ያጠጣል። ያ ቧንቧ ስንት ወሰን አቋርጧል? መስመሩ ሲሰበር፣ መብራት ሲጠፋ፣ ክፍያ ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ እናውቀዋለን፣ ያለ ችግር ነው አልልህም። ግን ሥራው ተሠርቷል፣ ውሃው ይመጣል። ሽቅብ ለሚወጣ ውሃ የተስማማ አስተዳደር ቁልቁል ለሚወርደውም መስማማት ይችላል። የሚስማማው ግን ስምምነቱ ገንዘብና ስም ሲኖረው ነው፣ ማን ምን ይሠራል፣ ማን ይከፍላል፣ በስንት ጊዜ ይታያል ሲባል።

ሽንሌ

ማንም ስለ ታች አላነሳም፣ ስለዚህ ልናገር። ድሬ ግንብ ስትሠራ ውሃው አይጠፋም፣ ጠቦ በኃይል እኛ ጋ ይመጣል። ከብት ውሃ ዳር ያድራል፣ ሌሊት ይወሰዳል። ስለ ድሬ ሲነገር እንሰማለን፣ ለኛ ግን ማንም አይደውልም።

ግን ደግሞ ጎርፉን ጨርሳችሁ አትያዙብን። ሜዳው ላይ ሲዘረጋ ሣር ያበቅላል፣ የጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። ድርቁ ለኛ ከጎርፉ ያላነሰ አደጋ ነው። ቀስ ብሎ ተዘርግቶ ቢመጣልን በረከት ነው፣ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቢሠራ ግጦሽም እርሻም ይሆናል። ፕላኑ ሲሠራ ከኛም ሰው ይኑር፣ አልቆ ከተፈረመ በኋላ ለማሳወቅ አትጥሩን።

ሃይድሮ

ሽንሌ ያለው ፕላኑን ይቀይረዋል። ላይ የምናዘገየው፣ መሀል የምናሳልፈው፣ ታች የምንዘረጋው አንድ ውሃ ከሆነ ሂሳቡም አንድ መሆን አለበት። ከተማው ግንቡን ለብቻው ካሰላው ታች ያለውን ጉዳት አይቆጥረውም።

የባሕር ማዶ ድሬ

ስለ ደርናው አመሰግናለሁ፣ አንብቤዋለሁ። አንድ ጥያቄ፣ የመሬት መንቀጥቀጥስ? በ2017 አዋሽ ፈንታሌ ሲነቃነቅ ሁላችንም ደነገጥን። ድሬም ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ናት።

የከዚራ ልጅ

መጠየቅ ያለበት ነው፣ ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል። እዚህ ላይ የሚገናኘው ነገር ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና የእሳት አደጋ ጣቢያ የሚሠራበት ቦታ ነው። ጎርፍ መሸሻ የምንለው ሕንፃ መንቀጥቀጥም የሚችል ሆኖ ይሠራ። ከዚህ በላይ ክሩን አላስፋው።

የአሸዋ ነጋዴ

እሺ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ማከማቻና ማደሪያ ያላችሁት የት ነው የሚሆነው? ስንት ብር ይከፈልበታል? ይህን ሳልሰማ ለጓደኞቼ ምን ልበላቸው?

የከዚራ ልጅ

እህቴ፣ ቦታውን እኔ መወሰን አልችልም፣ መወሰንም የለብኝም። የምንጠይቀው ግን ይኸው፣ ለከተማው ፕላንና ለአደጋ ስጋት ቢሮው በጽሑፍ የምናስገባው። ማከማቻው ከገበያው በእግር የሚደርስ ይሁን፣ ኪራዩ አሁን ለዘበኛ ከምትከፍሉት አይብለጥ፣ ቦታውን ስትመርጡ ከናንተ ሦስት ሴቶች ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ። የቀርሳ ልጅ፣ ያንተ ጥያቄ አንደኛ ነው የተጻፈው፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማን ነው የሚለው። ሽንሌ፣ ያንተንም ጨምሬዋለሁ። ሃይድሮ ሂሳቡን ያስተካክልልኛል። የጁገል ልጅ ስለ ሀሰሊሶ ቧንቧ ያልከውን ከሥሩ አድርጌዋለሁ። ረቂቁን እስከ ዓርብ እዚህ እለጥፋለሁ፣ ስማችሁንና ስልካችሁን ግን እዚህ አትጻፉ፣ መፈረም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።